የአሸዋው ፉርጎ ከፊት ነበር

የማኅበራችን ሊቀመንበር የደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ይሰካ ነበር። አንዱም አይጽፍም። ፊርማ ባስፈለገ ቁጥር የኔን እየተቀበለ ስለሚፈርም ይህን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። በካኪ ሳፋሪ ኮቱ ውስጥ ደረቱን ነፍቶ «ከዚህ አኳያ» ብሎ ሲጀምር ራሴን ያመኝ ነበር። ከምን አኳያ እንደሆነ አንድ ቀን እንኳ ሳይነግረን ዓመታት ሙሉ ከዚህ አኳያ እያለ ኖረ። እሱ ያወራል፣ እኔ እጽፋለሁ። በደርግ ጊዜ የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ታይፒስት ነበርኩ። ያን ሁሉ ውሸት በአሥር ጣቴ የመታሁት እኔ ስለሆንኩ ራሴንም ነፃ አላወጣም።

የምንኖረው ከሃያ ሁለት ማዞሪያ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነበር፤ እኔና ታላቅ ወንድሜ ብቻ። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው፤ በስሙ ጠርቼው አላውቅም፣ ወንድም ጋሼ ነበር የምለው። እሱም እኔ ታኮ ጫማ አድርጌ ቢሮ መግባት ከጀመርኩ በኋላ እንኳ ሚጡ ማለቱን አልተወም። ሥራው የሐዲድ ጥገና ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ባለው መስመር ላይ ጠጠር ሲጠቀጥቅ፣ ብሎን ሲያጠብቅ ስምንት ዓመት ኖሯል። በወረቀት ላይ ግን የቀን ሠራተኛ ነበር። ስምንት ዓመት ሙሉ ጊዜያዊ! እንዲህ ያለውን ነገር ሰምተው ዝም የሚሉ ሰዎች ናቸው እንግዲህ ማኅበር አለን የሚሉት።

በምሥራቅ በኩል ጦርነቱ ሲፋፋም ባቡሩ ወታደርና ጥይት ማመላለስ ጀመረ። መስመሩ ላይ ፈንጂ ይቀበራል። ስለዚህ ሠራተኞቹ አንድ ዘዴ ነበራቸው። አሸዋ የተጫነ ጠፍጣፋ ፉርጎ ከባቡሩ ፊት ይቀጥሉና ባቡሩ እየገፋው ይሄዳል። ፈንጂ ካለ አሸዋው ይቀበለዋል፣ ከኋላ ያለው ባቡር ይተርፋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ እዚያ አሸዋ ላይ ተቀምጦ ሐዲዱን የሚያይ ሰው ማስፈለጉ ነው። ለዚያ ደግሞ ጠጠር የሚያውቅ ዓይን ነው የሚፈለገው። ወንድም ጋሼ ሲያስረዳኝ፣ ሐዲድ ሥር ያለ ጠጠር ጀርባው በፀሐይና በአቧራ የነጣ ነው ይለኝ ነበር። ሰው የነካው ጠጠር ግን ሆዱን ወደ ላይ አድርጎ ይተኛል፣ ጠቆር ይላል። ይህን ከሩቅ ለይቶ ቀይ ባንዲራ ማንሳት ነው ሥራው። ማን ይቀመጥ ሲባል ቋሚዎቹ ሁሉ የቤተሰብ ችግራቸውን ማውራት ጀመሩ፤ ጊዜያዊው ወንድሜ ወጥቶ ተቀመጠ።

አንድ ቀን ከአዋሽ ማዶ የጠቆረ ጠጠር አየ። ባንዲራውን አነሳ። ነጂው ፍሬን ያዘ። ባቡር ግን እንደ መኪና ፍሬን በተያዘበት አይቆምም፤ እየተንፏቀቀ ሄዶ የፉርጎው ፊተኛ መንኮራኩር ረገጠው። ፈንጂው ፉርጎውን ከነአሸዋው አነሳው። ባቡሩ ምንም አልሆነም፤ ከኋላ ያሉት ወታደሮች ውኃ የሚጠጡበት ኮዳ እንኳ አልተደፋባቸውም አሉ። ወንድሜ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች አጣ። የባቡሩ ነጂ፣ ያኔ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሽማግሌ ነው፣ ቀበቶውን ፈትቶ ደሙን ባያስረው ኖሮ እኔ ዛሬ የማወራው ስለ ሙት ነበር።

ከሆስፒታል ወጥቶ በክራንች መሄድ ሲለምድ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። የማቋረጫ ጠባቂ አድርጉኝ አለ። መኪና መንገድና ሐዲድ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ባቡር ሲመጣ ሰንሰለት የሚዘጋ፣ ሲያልፍ የሚከፍት ሰው ማለት ነው። «ለዚህ ሥራ ዓይንና ጆሮ ነው የሚያስፈልገው፤ ሁለቱም አሉኝ» ይል ነበር። እቤት ተቀምጦ ግድግዳ ማየት ሊገድለው ነው። ጠዋት ጠዋት እኔ ወደ ሥራ ስወጣ እሱም ይላጫል፣ ሸሚዙን ይለብሳል፣ አንድ ጫማውን ይወለውላል፤ ከዚያ ደጃፉ ላይ ይቀመጣል። የሚሄድበት የለም። 

አስተዳደሩ ምን አለ? ማኅበሩ የጦርነት ባለውለታ ብሎ በዝርዝር ካስመዘገበው ቋሚ አድርገን እንመድበዋለን አለ። ማኅበሩስ? የቀን ሠራተኛ የማኅበር አባል አይደለም፣ አባል ያልሆነ ዝርዝር ውስጥ አይገባም። በዚህ ሦስት ዓመት አመላለሱት፤ ባንድ እግሩ።

ከዚያ ዘመቻ መጣ። ያኔ ሁሉ ነገር ዘመቻ ነው፤ መጥረጊያ መግዛት እንኳ ዘመቻ ነበር። የኛ ማኅበር ዘመቻ ደግሞ «የባቡር ሠራተኛው በጦርነቱ ያበረከተውን አስተዋጽኦ ማስታወቅ» የሚል ነበር። ሁለት ነገር ይዟል፤ የባለውለታዎች ዝርዝርና ቦሌ መንገድ ላይ የሚቆም ትልቅ ሥዕል። ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚመጣ የውጭ እንግዳ ሁሉ እንዲያየው ተብሎ ነው። ዝርዝሩን እኔ ነኝ የመታሁት። ተራ ቁጥር አንድ ማን ይመስላችኋል? ሊቀመንበሩ! «በግንባር ተገኝቶ አመራር የሰጠ» ይላል። ወይ ግንባር! ሰውየው በጦርነቱ ጊዜ አንዴ በመንገደኛ ባቡር አዋሽ ድረስ ሄዶ፣ ጣቢያው ቡፌ ቤት ውስጥ ምሳውን በልቶ፣ ሁለት ከረጢት ብርቱካን ይዞ የተመለሰ ነው። ለቢሮው ሰው ብርቱካኑን አደለን። ለኔም ሁለት ደርሶኛል፤ በልቼዋለሁ፣ አልዋሽም።

ሥዕሉ የቆመ ሰሞን አንድ እሑድ እኔና ወንድም ጋሼ ልናየው ሄድን። በክራንች ከሃያ ሁለት ቦሌ መንገድ ድረስ ቀላል አይደለም፤ ታክሲ እንያዝ ብለው እምቢ አለኝ። ስንደርስ ቀና ብሎ አየው። ሥዕሉ ላይ ባቡር አለ፣ ጭስ አለ፣ ከነጂው መስኮት ጡጫውን ጨብጦ ብቅ ያለ ሰው አለ። የሰውየው አፍንጫ ከሊቀመንበሩ አፍንጫ ጋር አንድ ነው። ወንድም ጋሼ ግን አፍንጫውን አላየም። ድንገት ከት ብሎ ሳቀ። ክራንቹን ይዤው ባይሆን ይወድቅ ነበር።

«ምን አገኘህ?» አልኩት።

«ሚጡ፣ የአሸዋውን ፉርጎ እይው እስቲ።»

አየሁ። ፉርጎው አለ፣ አሸዋውም አለ። ከባቡሩ ኋላ ተቀጥሏል። ባቡሩ ከፊት እየጎተተው ይሄዳል። ፈንጂውን መጀመሪያ ባቡሩ ይረግጥና አሸዋው ከኋላ ሆኖ ይታዘባል ማለት ነው! ለሠዓሊው የነገረው ሊቀመንበሩ ነው፤ «ከፊታችን አሸዋ፣ ከኋላችን ሕዝብ» የሚል ንግግር እንኳ እኔው ራሴ መትቼለት ነበር። የገዛ ንግግሩን አልሰማውም። ፉርጎ ከኋላ እንደሚጎተት እንጂ ከፊት እንደሚገፋ በዓይኑ አይቶ ስለማያውቅ፣ ቢነግሩትም አልገባውም።

በሁለት ቀን ውስጥ ወሬው ባቡር ጣቢያውን አዳረሰው። ከሥራ ሲወጡ በቡድን በቡድን እየሆኑ ቦሌ መንገድ ድረስ በእግራቸው ሄደው አይተው፣ ስቀው ይመለሳሉ። ከዚያ አንዱ ቀልደኛ «ምን ያስቃችኋል፣ ባቡሩ ወደኋላ እየሸሸ ነው እንጂ ሥዕሉ ትክክል ነው» አለ። በቃ። ይቺ ቀልድ ማኅበራችንን የሚከታተለው የፓርቲ ካድሬ ጆሮ ገባች። አብዮታዊ ባቡር እየሸሸ፣ ያውም በቦሌ መንገድ፣ ያውም በውጭ እንግዳ ፊት! ሊቀመንበሩ ካድሬው ዘንድ ተጠርቶ ሲመለስ ፊቱ ዐመድ መስሎ ነበር። እስክሪብቶዎቹ እንኳ ተንጋደዋል። እሰይ አልኩ በሆዴ።

በማግስቱ ቤታችን መጣ። ሦስት ዓመት ሙሉ በራችንን ያላወቀ ሰው! ወንበር ሰጠሁት። ዓይኑን የት እንደሚያሳርፍ አጣ፤ ወንድሜ የተቀመጠው የተጣጠፈውን የሱሪውን እግር ወደ እሱ አድርጎ ነው።

«ጓድ» አለው፣ «ከዚህ አኳያ፣ አንተ እዚያ ነበርክ ይባላል።»

ይባላል! ደሜ ፈላ። አፌን ልከፍት ስል ወንድም ጋሼ በዓይኑ ያዘኝ።

«ነበርኩ» አለ።

«እንግዲያው ፉርጎው እንዴት እንደነበረ ለሠዓሊው ብታስረዳልን፣ ማኅበሩ ውለታህን አይረሳም። ዝርዝሩ ውስጥ ትገባለህ። ቃሌ ነው።»

ሊቀመንበሩ ከወጣ በኋላ ተጣላን። መጀመሪያ ይጻፍልህ፣ ዝርዝሩን እኔው ራሴ እመታዋለሁ፣ ከዚያ ንገራቸው አልኩት። ቃሉን አታምነው፣ ይህ ዓይን አውጣ እናቱንም ይሸጣል አልኩት። ወንድም ጋሼ ራሱን ነቀነቀ።

«ልክ ነሽ፣ ቃል የለውም። ግን እዚያ ሥዕል ላይ የተሳሳተው እሱ አይደለም፤ ባቡሩ ነው። ስምንት ዓመት የሠራሁበትን መስመር እንዲህ አበላሽተው ሰቅለው ሳይ እንቅልፍ አልወስደኝ ብሏል።»

አይ የኔ ወንድም! ተናደድኩ፣ አለቀስኩም። እሱ ግን ሠዓሊው ጋ ሄዶ ሁለት ቀን ሙሉ አስረዳው። ፉርጎው እንዴት እንደሚገጠም፣ አሸዋው እስከ የት እንደሚሞላ፣ ሰውየው የት እንደሚቀመጥ፣ ባንዲራውን በየትኛው እጁ እንደሚይዝ። ጠጠሩን ሳይቀር፤ ከሩቅ ጠቆር የሚለውን አሳየው። ሠዓሊው የቡና ቤት ማስታወቂያ የሚሠራ፣ ጥሩ ሰው ነበር። ሥራውን አሳምሮ ጨረሰው።

ታረመ የተባለውን ሥዕል ልናይ ሄድን። የአሸዋው ፉርጎ ከፊት ነው። ሐዲዱ ሐዲድ ይመስላል። አሸዋው ላይ ቀይ ባንዲራ ያነሳ ሰው ተቀምጧል፣ ሁለት እግሩን አንፈራጦ። ፊቱ የሊቀመንበሩ ነው። ከነሦስቱ እስክሪብቶዎች! የነጂው መስኮት ጠቦት መሰለኝ፣ ወርዶ የወንድሜ ቦታ ላይ ተቀመጠ።  ወንድም ጋሼ ግን ረዥም ጊዜ አየና «ጠጠሩን ግን ጥሩ ሠርቶታል» አለ። 

በሳምንቱ የመጨረሻው ዝርዝር እንድመታ ተሰጠኝ። የወንድሜ ስም የለም። ወረቀቱን ይዤ ቢሮው ገባሁ።

«ቃል ገብተው ነበር» አልኩት።

«ደንቡ አልፈቀደም፤ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነው» አለኝ። ቀጥሎ የተናገረውን እስክሞት አልረሳውም። «ደግሞ ሥዕሉ ላይ አለ አይደል፣ ሌላ ምን ይፈልጋል?»

ወጣሁና መታሁት። ምን አደርጋለሁ? እንጀራዬ ነው። ግን ከቢሮ ወጥቼ በቀጥታ ባቡሩን ይነዱ የነበሩት ሽማግሌ ጋ ሄድኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። «ስብሰባው መቼ ነው?» ብቻ አሉኝ። ቅዳሜ አልኳቸው። «ወንድምሽን ይዘሽው ነይ» አሉ።

ዝርዝሩ በጠቅላላ ስብሰባ መጽደቅ ነበረበት። ስብሰባው የተጠራው ጣቢያው አጠገብ ሳይሆን ቦሌ፣ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ሊቀመንበሩ ያኔ ቦሌ ከተወረሱት ቪላዎች አንዱ ተሰጥቶት ስለነበር ለሱ እንዳይርቀው። ሠራተኛው ሁሉ ከጣቢያው በእግሩ መጣ። ካድሬው መድረኩ ላይ ተቀምጧል። እኔ ቃለ ጉባኤ ልይዝ ከመድረኩ ጥግ ነኝ። ወንድም ጋሼ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ክራንቹን ጭኑ ላይ አጋድሞ። ሊቀመንበሩ ንግግሩን ጀመረ። ከዚህ አኳያ፣ ከዚያ አኳያ፣ እያለ እያለ ሄዶ ራሱ ዘንድ ደረሰ።

«ጓዶች፣ ሥዕሉን አይታችኋል። ያን ቀን እኔ ራሴ በአሸዋው ፉርጎ ላይ ሆኜ ባቡሩን ከአደጋ…»

ሽማግሌው ነጂ እጃቸውን አወጡ።

«ጥያቄ አለኝ» አሉ። ቀስ ብለው ተነሱ። «ያን ቀን ባቡሩን የምነዳው እኔ ነበርኩ። ፉርጎው ፈንጂ ረግጧል። ፉርጎው ላይ የነበረው ሰው ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ሲቆረጥ ደሙን በቀበቶዬ ያሰርኩት እኔ ነኝ። እርስዎ ነበርኩ ካሉ፣ እስቲ ጓድ፣ ሱሪዎን ሰብሰብ ያድርጉልን።»

 ከዚያ አንድ ቦታ ሳቅ ፈነዳ፣ ቀጥሎ ሁሉም ሳቀ፣ ቀጥሎ «ሱሪ! ሱሪ!» እያሉ ወለሉን በእግራቸው መምታት ጀመሩ። ካድሬው እንኳ ሳያስበው ጎንበስ ብሎ የሊቀመንበሩን ሱሪ አየ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ሊቀመንበሩ ሁለት ጤነኛ እግሩን የሚደብቅበት አጣ። ሕይወቱን ሙሉ በሌላ ሰው ቦታ ሲቀመጥ የኖረ ሰው፣ ለዚህኛው ቦታ እግር እንደሚከፈልበት ያኔ ገባው።

«ጓዶች፣ ጓዶች፣ ሥዕሉ ሁላችንንም ነው የሚወክለው» አለ። «ፉርጎው ላይ የነበረውማ፣ እነሆ፣ ያ ጓድ ነው።» በጣቱ ወደ በሩ አመለከተ። ሁሉም ዞረው ወንድሜን አዩት።

ካድሬው ኮስተር ብሎ «ታዲያ ዝርዝሩ ውስጥ ስንተኛ ነው?» አለ።

ሊቀመንበሩ ዋሸ፤ ሌላ ምን ያውቃል? «አንደኛ» አለ።

አንደኛ ብዬ ጻፍኩ። አፉን ሳይዘጋ ጽፌ ጨረስኩ። ካድሬው እዚሁ ፈርሙበት አለ። ሊቀመንበሩ ከኪሱ አንድ እስክሪብቶ አወጣ፣ አልጻፈም። ሁለተኛውን ሞከረ፣ አልጻፈም። የኔን ሰጠሁት። ፈረመ፤ ካድሬውም ከሥሩ ፈረመበት። ሰኞ ከሰዓት በኋላ «ቃለ ጉባኤው ላይ ትንሽ የምናርመው አለ» እያለ ሲመጣ ጠዋት በስቴንስል አባዝቼ ለየክፍሉ አድርሼው ነበር። «አንቺ ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ ፈጣን የሆንሽው?» አለኝ። 

እንግዲህ ሰውየው ተዋርዶ ወረደ ብላችሁ እንዳትጠብቁ። እንዲህ ያለው ሰው አይወርድም። እንዲያውም ከፍ ወዳለ ቦታ ወሰዱት፣ ነጭ ፔጆ ከነሾፌሩ ሰጡት። ሥዕሉም ቀለሙ እስኪለቅ ድረስ ቦሌ መንገድ ላይ ፊቱን ይዞ ቆመ። ወንድም ጋሼ ግን ቋሚ ሆነ፤ ወደ ቃሊቲ በሚወስደው መስመር ላይ ያለ ማቋረጫ ተሰጠው። ጠዋት ጫማውን ሲወለውል የሚሄድበት ነበረው።

አንድ ቀን ምሳውን ይዤለት ሄድኩ። ሰንሰለቱን ዘግቶ ቆሟል። ነጩ ፔጆ መጥቶ ሰንሰለቱ ፊት ቆመና ጡሩምባውን ለቀቀው። ወንድም ጋሼ አልተንቀሳቀሰም። የኋላው መስኮት ወረደና ሊቀመንበሩ አንገቱን አወጣ። ሐዲዱን ወዲያና ወዲህ አየ።

«ምን ያስዘጋሃል? ክፈተው እንጂ!»

«ባቡር እየመጣ ነው» አለ ወንድሜ።

«የታለ? እኔ ምንም ባቡር አይታየኝም።»

«እርስዎማ ያኔም አላዩም» አለው።

ሊቀመንበሩ መስኮቱን ዘጋ። ባቡሩ መጥቶ እስኪያልፍ ድረስ እዚያው ቆሞ ጠበቀ።